ጨረሩ አዲስ አበባ፣ ሙቀቱ እቤታችን

በእኛ ከተማ የወንድ ልጅ ሰውነት ቀበቶው ላይ ያልቃል። ይህን የነገረኝ መጽሐፍ የለም፤ ሃያ ሰባት ዓመት ከባል ጋር ኖሬ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ደግሞ ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚያወጣው መንገድ ዳር ሻይ ስቀዳ የደረስኩበት የራሴ ግኝት ነው። ራሱን ያመመው ወንድ "ራሴን" ይላል። ሆዱን ያመመው "ሆዴን" ይላል። ጉልበቱን ያመመውማ ያለ አንዳች ሐፍረት ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን ለሻይ ቤቱ ሁሉ ያስጎበኛል። ከቀበቶ በታችና ከጉልበት በላይ ያለው አገር ግን ስም የለውም። እዚያ የሚነሣ ሕመም በሙሉ በአንድ ስም ይጠራል፦ ኩላሊት። ሽንት ሲያቃጥል ኩላሊት ነው፤ ሽንት አልመጣ ሲል ኩላሊት ነው፤ ልጅ አልወለድ ሲል እንኳ "ኩላሊቱን ትንሽ ያመዋል" ይባላል። እውነተኛው ኩላሊት፣ ምስኪኑ፣ ወገብ ላይ ቁጭ ብሎ የጎረቤቱን ሁሉ ጥፋት ይሸከማል።

"ይህቺን ሴትዮ ምን አገባት?" እንደምትሉ አውቃለሁ። አግብቶኛል። ኩላሊት የተባለው በሽታ የገባው እኔ ቤት ነው።

ባለቤቴ ዳልኬ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። የሶዶ ሰው ግማሹ የአማዞንን ወንዝ ርዝመት ከእሱ ሰምቶ የረሳ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዞሮ ሳያይ፣ ፊቱን ወደ ተማሪው እንዳደረገ፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ የአፍሪካን ካርታ ይስል እንደነበር ዛሬም በገበያ መሀል ይነግሩኛል። እኔ ደግሞ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከአራተኛ በላይ ያለውን የተማርኩት ሰው ሻይ ጠጥቶ ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ከሚሄደው ጋዜጣ ነው። ያኔ ጋዜጣው እየሳሳ ሄዶ ነበር፤ የተረፉትም ፖለቲካውን በሩቁ ሰላም ብለው ያልፉና ገጻቸውን በጤና ይሞሉታል። በዚህ ምክንያት ስለ መንግሥት የማውቀው ጥቂት፣ ስለ ጉበት የማውቀው ግን ብዙ ነው።

ዳልኬ ንባቤን አይወደውም ነበር። አይከለክለኝም፤ ግን ያነበብኩትን ልነግረው ስጀምር መነጽሩን ያወልቃል። "ሥርዓተ ትምህርት የሌለው ንባብ" ብሎ ስም አውጥቶለታል። እኔ ስለ ደም ግፊት ስነግረው "ምንጩ?" ይለኛል። ምንጩ እኮ ሚስትህ ናት፣ እለው ነበር በልቤ። በአፌም አንዳንዴ።

በሽታው የጀመረው በቤተ ክርስቲያን ነው ብል አልዋሽም። ዳልኬ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ስለሆነ መቀመጫው ፊት ነው፤ ከሰባኪው ክርን ሥር። አንድ እሑድ ግን ተነሥቶ መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። ሰባኪው ይህን አይቶ ስለ ትሕትና ሰበከ፤ ዝቅ ባለው ስፍራ ስለሚቀመጡ ሰዎች ተናገረ፤ ምእመናኑም ዞር ዞር እያሉ ባለቤቴን አዩት። እኔም ሁለት ወር ሙሉ ትሕትና መስሎኝ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬ ያላየሁት ትሕትና አሁን ከየት መጣ ብዬ አለመጠየቄ ይገርመኛል። በኋላ ነው ልብ ያልኩት፦ ስብከቱ መሀል ላይ ሦስት ጊዜ ይወጣል። ወጥቶም ቶሎ አይመለስም። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ለበሩ ብሎ ነው።

ምን ሆነሃል ስለው፣ እንግዲህ መልሱን ታውቁታላችሁ፣ ኩላሊት አለኝ። ውሃ አብዛ ተብሎ ውሃ አበዛ፤ ውሃው ደግሞ የባሰ መውጫ ፈለገ። ጎትቼ ኦቶና ወሰድኩት። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ላኩን። እዚያ በመርፌ ናሙና ወስደው፣ መርምረው፣ ስሙን ነገሩን። ፕሮስቴት የምትባል፣ ከፊኛ በታች የተቀመጠች፣ የኮክ ፍሬ የምታክል፣ ወንድ ብቻ ያለው ዕጢ አለች፤ እሷ ላይ ካንሰር ወጥቷል፤ ግን ገና ከቤቷ አልወጣም፤ መርፌ እየወሰደ ይቆይ፤ ዋናው ሕክምና ጨረር ነው። የጨረሩ መሣሪያ የሚጠበቀው ከአገሪቱ አራት ማዕዘን ስለሆነ ተራ ይዛችሁ ግቡ፣ ሲደርስ እንደውላለን አሉን። ስልክ ሲጠይቁን ዳልኬ የእኔን ቁጥር ሰጠ። የእሱ ስልክ ላይ "ፕሮስቴት" የሚል ሰው እንዳይደውልበት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ፤ በወላይትኛ ነው የነገረኝ፣ የከበደ ነገር በአማርኛ አይናገርም። "ለሰው ኩላሊት ነው በይ" አለኝ። እሺ አልኩ። የጥፋቱ ግማሽ የእኔ የሆነው ከዚያች እሺ ጀምሮ ነው።

ተራችንን ስንጠብቅ ወራት አለፉ። ክረምቱ መሀል ላይ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ጠረጴዛ ላይ የቀረ ጋዜጣ ስገልጥ የጤና ገጹ ላይ ሙቀትና ጨረር የሚል ርእስ አየሁ። ለፕሮስቴት ካንሰር ይላል። ልቤ ዘለለች። በውጭ አገር ሐኪሞች ዕጢውን በልዩ መሣሪያ ያሞቁታል፤ ሙቀቱ የካንሰሩን ሕዋስ ያዳክመዋል፤ ከዚያ ጨረሩ ሲመጣ የተዳከመው ሕዋስ ራሱን መጠገን ያቅተዋል፤ ሙቀቱ ለጨረሩ አጋዥ ነው፤ ገና እየተሞከረ ያለ ነገር ነው፤ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ዳልኬ ሻይ ሊጠጣ መጣ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጥፋት ቁጥር ሁለት። አራት ደንበኞች ተቀምጠዋል። ለሰው ኩላሊት በይ ተብያለሁና፣ ፕሮስቴት የሚለው ቃል ላይ በደረስኩ ቁጥር "ኩላሊት" እያልኩ አነበብኩ።

አስተውሉ፤ ሙሉውን ነው ያነበብኩት። አንድም መስመር አልዘለልኩም። "ከጨረር ጋር" የሚለውን እንዲያውም ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያነበብኩት። ሰው ግን ከሰማው ነገር ላይ የሚወስደው እቤቱ ያለውን ነው። ጨረሩ አዲስ አበባ ነው፤ ማሽን ይፈልጋል፤ ተራ ይፈልጋል። ሙቀቱ ግን እቤታችን ነው። እንጨት ያለው ሰው ሁሉ ሙቀት አለው። እስከ ማታ ድረስ ከኦቶና እስከ መናኸሪያ ያለው ሰው "ለኩላሊት ሙቀት ነው መድኃኒቱ፣ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል" ይል ጀመር።

በማግስቱ የመጀመሪያው ጡብ መጣ።

የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጅ መሄድ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ድሮ ሰው ሲጠይቅ ሙዝ ይዞ፣ ወተት ይዞ ይመጣ ነበር፤ ያን ክረምት ግን ሙቀት ይዞ መምጣት ጀመረ። እሳት ላይ የቆየ ሸክላ ጡብ በጨርቅ ጠቅልለው። በምጣድ የጋለ ጨው በከረጢት አድርገው። ፍል ውሃ በፔርሙስ፣ ላስቲኩን ደግሞ ለብቻ። ቦምቤ ያለችው እህቱ ራሷ መምጣት ቢያቅታት ዳጣ ላከች፤ ሚጥሚጣውም ዝንጅብሉም ያልተቆጠበበት፣ ያየው ሰው ዓይን የሚያስለቅስ። "ሙቀት ከውስጥ ሲሆን ይሻላል" የሚል መልእክት አለው። ወደ ቆላ ወርዶ ፍል ውሃ መዘፍዘፍ አለበት የሚሉም ነበሩ።

ያን ዘመን የምታስታውሱ ከሆነ፣ ማንኛውም መልካም ሐሳብ አንድ ለአምስት ሳይደራጅ አያድርም ነበር። የመንደራችን ጠርናፊ ደግ ሴት ናት፣ ደግነቷ ግን ወረቀት ይወዳል። የዳልኬን ማሞቅ በጊዜ ሰሌዳ አወጣችው፦ ሰኞ የጎረቤት ሴቶች፣ ረቡዕ የጸሎት ቡድን፣ ዓርብ ጡረተኛ መምህራን። በወሩ መጨረሻ እኔ ሻይ ቤት ተቀምጠው ገመገሙት። ቁርጠኝነቱ እንደ ጠንካራ ጎን ተወሰደ። ጡቡ ሳይደርስ መንገድ ላይ መቀዝቀዙ እንደ ክፍተት ታየ። አንዱ ጡረተኛ ግለ ሒስ አውርዶ፣ ዓርብ ሁለት ጊዜ መቅረቱን አመነ። ዳልኬ ራሱ አልተጠየቀም፤ የሚገመገመው ሙቀት አቅራቢው ነው እንጂ ተቀባዩ አይደለም።

እኔ ጋዜጣውን ይዤ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞርኩ። ከጨረር ጋር ነው የሚለው፣ ደግሞስ ጡብ አይልም፣ መሣሪያ ነው የሚለው አልኩ። "አዎ፣ አዎ፣ አንቺ ነሽ እኮ ያነበብሽልን፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ" ይሉና ጡቡን ይገለብጡታል።

የገረመኝ ዳልኬ ነው። ምንጩን ሳይጠይቅ የማያምን ሰው፣ ሆዱ ላይ ከረጢት ጨው፣ ጀርባው ላይ ጡብ፣ ጭኑ ላይ የፍል ውሃ ላስቲክ አስቀምጦ እንደ ንጉሥ ይጋደማል። "ይዞታል" ይላል፤ "ይሰማኛል፣ እየሠራ ነው።" አንድ ቀን ጡረተኞቹ ፊት "ባለቤቴ በጋዜጣ እንዳነበበችው" ብሎ ጀመረ። ሃያ ሰባት ዓመት ስጠብቃት የነበረች ዓረፍተ ነገር ናት። በደስታ ልቤ ሊፈነዳ ሲል፣ ወዲያው ደግሞ ቀዘቀዘ፤ ምን ላይ ሊያውላት እንደሆነ ገባኝ። ሰውየው አዲስ አበባ መሄድ አይፈልግም። ያቺን አገር፣ ስም የሌላትን፣ ለማያውቃቸው ሰዎች መግለጥ አይፈልግም። ንባቤን ያከበራት መደበቂያ ስላገኘባት ነው።

ስልኩ የተደወለው ሐሙስ ዕለት ነው። መስከረም ጠብቶ ሳምንት ሆኖታል። ተራችሁ ደርሷል፤ ሰኞ ጧት እዚህ ተገኙ፤ ሕክምናው በየቀኑ ነው፣ ሳምንታት ይፈጃል፣ ማረፊያ ያዙ፤ ካልመጣችሁ ተራው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል፣ እናንተም እንደገና ከመጨረሻ ትሰለፋላችሁ። ይህን ያለችኝ ልጅ ድምፅዋ ትሑት ነው። ስልኩን ዘግቼ ቀን ቆጠርኩ። ሰኞ ገብተን በሚቀጥለው እሑድ ጊፋታ ነው።

ጊፋታን የማታውቁት ካላችሁ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ወላይታ የትም ሄዶ ይሠራል፣ የትም ይጠፋል፤ በጊፋታ ግን ቤቱ ይገባል። የተጣላ ይታረቃል። ወንድማማቾች በአንድ ላይ በሬ ያርዳሉ፤ ሥጋውን ታላቅየው ቆርጦ ሳይቀምስ ታናሹ ቢላ አያነሣም። በጊፋታ የቀረ ታላቅ ወይ ሞቷል፣ ወይ ተጣልቷል። ሦስተኛ ምክንያት የለም። የእነ ዳልኬ በሬ ያለው ሻንቶ ነው፣ ታናሽ ወንድሙ ማዳልቾ ዘንድ፤ ከሰኔ ጀምሮ ሲቀለብ የከረመ፣ እኔን በሁለት እጥፍ የሚበልጥ በሬ። ያኔ እኔም ቀጭን አልነበርኩም።

ነገርኩት። ጡቡ ላይ እንደተጋደመ ሰማኝ።

"ከጊፋታ በኋላ እንሄዳለን" አለ።

ከጊፋታ በኋላ ተራ የለም አልኩት። ያ ነገር እንደ አንተ ጡረታ አልወጣም፣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም፤ ዛሬ ከቤቷ አልወጣም ያሉህ ነገ ወጥቶ አጥንትህ ውስጥ ይገባል አልኩት። መነጽሩን አወለቀ።

"ሙቀቱን ጀምሬዋለሁ። ጨረሩ ይደርሳል። አንቺው ነሽ ያነበብሽው።"

ሰው በራሱ ጋዜጣ ሲመታ እንዴት እንደሚያም ያን ቀን አወቅሁ። ወጣሁና ሻይ ቤቴ ገብቼ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ፤ የታጠበውን ሁሉ። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ሰኞ ካልሄደ ባሌን በጡብ ነው የምቀብረው። ሽማግሌ እንዳልልክበት ሽማግሌው እሱ ነው። ሰባኪውን እንዳልጠራ፣ ሰባኪው ኩላሊት ነው የሚያውቀው። የቀረኝ አንድ ሰው ነው።

ዓርብ ጧት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሻንቶ ወረድኩ። ማዳልቾ ከበሬው አጠገብ ቆሞ ጀርባውን እያሻሸለት አገኘሁት። ከዳልኬ በስድስት ዓመት ያንሳል፤ ገበሬ ነው፣ ነገር አያበዛም፣ ወንድሙን "ጋሼ" ሲል ኮፍያውን ይነካል። ገና ሰላም ሳንባባል "ጋሼ ኩላሊቱ እንዴት ሆነ፣ ሙቀቱ ይዞታል?" አለኝ። እኔም በአዲስ አበባ የተነገረንን ቃል፣ ስሙን ከነቦታው፣ በበሬው ፊት ነገርኩት። ለአንድም ወንድ ተናግሬው የማላውቀውን ሁሉ። ሽንቱን፣ በሩን፣ ትሕትናውን። ጨረሩን፣ ሰኞን።

በሬውን ማሻሸቱን አቆመ። "ጊፋታውስ?" ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ዳገቱ እያየ ጠየቀኝ።

"እምቢ የሚለው ሲጀምር ነው፣ ወይስ ሲጨርስ?"

እንግዲህ ይህን ጥያቄ ጤነኛ ሰው አይጠይቅም። ጤነኛ ሰው ይህ ጥያቄ እንዳለም አያውቅም።

"ስንት ጊዜ ሆነህ ማዳልቾ?" አልኩት።

"ሁለት ጊፋታ።"

"እና ለምን አልታየህም?"

እንደ ሞኝ አየኝ። "ጋሼ ሳይድን? እትዬ፣ ታላቄ እቤቱ ተኝቶ እኔ ምን ብዬ ቀድሜ ሐኪም ፊት እቆማለሁ? እሱ ይቅደም፤ ከሄደ እከተላለሁ፤ ካልሄደ እቀራለሁ።"

ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ሶዶ ድረስ ሳልናገር መጣሁ። ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሾፌሩ ራሱ ደኅና ነሽ ወይ አለኝ።

ስደርስ ዓርብ ነውና ጡረተኞቹ ዳልኬን ከበውታል። ውጡልኝ አልኳቸው። ወጡ፤ ጡቡን ትተው። ከዚያ ሻንቶ እንደነበርኩ ነገርኩት። የምሥጢሩን መውጣት ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

"ወንድምህ እንዳንተ ነው" አልኩት። "ሁለት ጊፋታ ሆነው። አንተ ሳትታከም አይታከምም። በሥጋው ብቻ መሰለህ? በሕመሙም አንተ ሳትቆርጥ ቢላ አያነሣም።"

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም። ላስቲኩን ከጭኑ ላይ አንሥቶ መሬት አስቀመጠ፤ ከዚያ ከረጢቱን፤ ቀስ ብሎ። "ሁለት ጊፋታ" አለ ለራሱ። ቀጥሎ የነገረኝን እኔም አላውቀውም ነበር። ባለፈውም በዚያኛውም ጊፋታ፣ እሱ ሥጋ ቆርጦ ሲያቀርብ ማዳልቾ ከመሶቡ ላይ ተነሥቶ ይወጣል፤ ይቆያል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይወጣል። ዳልኬ ናቀኝ ብሎ ተቀይሞት ነበር። የእኔን እጅ ተጸየፈ ብሎ። ሁለት ዓመት ሙሉ በጊፋታ ከሰው ሁሉ ጋር ሲታረቅ በልቡ ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ነበር፤ ራሱም ከመሶቡ ላይ ለምን እንደሚነሣ እያወቀ ሌላው ሰው ለዚያው ሊነሣ እንደሚችል አልመጣለትም።

"ኮቴን አምጪው" አለኝ።

ኮቱ ሰኞ ነው የሚያስፈልገው፣ ዓርብ ነው አልኩት። ቢሆንም አምጪው አለ። ለብሶት ተቀመጠ።

እሑድ ተሳፈርን፤ ሰኞ ጧት ሐኪም ፊት ቀረብን። ሐኪሟ ሴት ናት፣ ገና ልጅ። ዳልኬ ጣሪያውን እያየ ተቀመጠ። "የት ላይ ነው የሚያምዎት አባት?" ስትለው አፉ ለምዶበት "ኩላሊቴን" አለ። ወረቀቷን ገለጠች፣ "ኩላሊትዎ በጣም ጤነኛ ነው" አለችው። ዕድሜ ልኩን ያልሰማውን ምስጋና ኩላሊቱ ያን ቀን ሰማ።

እኔ አላስቻለኝም፤ ጋዜጣዬን አወጣሁ። ሐኪሟ ጊዜ ወስዳ አነበበችው፤ አልሳቀችም፣ ለዚህ እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ። እውነት ነው አለችኝ፤ በሌላው ዓለም ይሞክሩታል፤ ግን ሙቀቱ በመሣሪያ ተለክቶ እውስጥ ዕጢው ድረስ የሚገባ ነው፣ ከቆዳ ላይ የሚቀር አይደለም፤ እሱም ጨረሩን ያግዘዋል እንጂ አይተካውም፤ መሣሪያው ደግሞ እኛ ዘንድ የለም። ዳልኬን አየሁት። ጣሪያውን ትቶ ጋዜጣውን ያያል። ቀጥላ ልየው ብላ ሸሚዙን ስታስወልቀው፣ ወገቡ ላይ፣ ከቀበቶው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የጡብ ቅርጽ ያለው ቃጠሎ አየን። አራት ማዕዘኑ ሳይቀር። የረቡዕ የጸሎት ቡድን ነው፤ ጨርቁ ስስ፣ ፍቅራቸው ወፍራም። እንዳይቀየሙ ብሎ ዝም አለ፤ እኔንም "ብርድ ብርድ አለኝ" እያለ ካኔቴራ ለብሶ ደብቆኛል።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች።

ዳልኬ መምህር ነው፤ ጥያቄ ያለ መልስ አያልፍም። "ጨረሩ ከእናንተ ነው" አላት። "ሙቀቱን ከቤት ይዘን መጥተናል።"

አሁን ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የማንጠብቀውን ነገረችን፦ ጨረሩ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ የቆሰለ ቆዳ ላይ አንጀምርም። ተራው ይያዝላችኋል፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ግን እዚሁ ቆዩ። ስንት ቀን? ሳምንት፣ ምናልባት ዐሥር ቀን።

ስለዚህ ያን ዓመት ጊፋታን ያሳለፍነው፣ ያለ ጊፋታም ያለ ጨረርም፣ አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት፣ የባሌ ጀርባ እስኪበርድ ስንጠብቅ ነው። ዳልኬ በሆዱ ተኝቶ። ስልኩን ግን ከፍቶታል። ማዳልቾ ከሻንቶ ደወለ፤ ዳልኬ ዱሮ እዚያ ረስቶት የሄደውን ኮፍያ በእሱ በርጩማ ላይ አስቀምጠው ከበው ቆመዋል፣ በሬው ታርዷል፣ የእንሰቱ ሙቹዋ በቅቤ ራሱን ስቶ ቀርቧል፣ ቢላ የነካ ሰው የለም። ዳልኬ በስልክ መረቀ። ምርቃቱ መሀል ኔትወርክ ጠፋ። እንደገና ደወሉ፤ እንደገና ከመጀመሪያው መረቀ፤ እንደገና ጠፋ። በሦስተኛው ምርቃቱን ትቶ አንድ ቃል ብቻ አለ፦ "ቁረጥ።" ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ የማልሰማ መስሎት፣ "መነሣት ስትፈልግ ተነሣ። ማንም አይቀየምም" አለው።

ጨረሩ ተጀመረ፤ ጨረሩ አለቀ። ዳልኬ ዛሬም አለ፤ መነጽሩን ማውለቁንም አልተወም። ማዳልቾ ወንድሙ ሶዶ በገባ በሦስተኛው ቀን ኦቶና ተገኘ፤ የእሱ ካንሰር አልነበረም፣ ዕጢዋ እንዲያው አብጣ ነው። በመድኃኒት ተመለሰች። ታላቅየውን ካንሰር ይዞት ታናሹን እብጠት ብቻ መያዙን ሰዎች እንደ ሥርዓት አዩት፤ በዚህም ቢሆን አልቀደመም።

ምሥጢሩ ግን ከሻንቶ ሸለቆ ወጥቶ ከተማ ገባ። ማን እንዳወጣው አትጠይቁኝ፤ ሻይ ቤት አለኝ። አሁን ኦቶና የሚሠሩ ነርሶች ሻይ ሊጠጡ ሲመጡ የሚነግሩኝ ነገር አለ። ጸጉራቸው የሸበተ ወንዶች አንድ አንድ እያሉ ይመጣሉ። ኩላሊት አይሉም። ፕሮስቴትም አይሉም፣ ጌታ ይጠብቃቸው። ግራና ቀኝ ያዩና "የመምህር ዳልኬን በሽታ ልታይ ነበር" ይላሉ። ይህን ባሌ ሲሰማ አፍሮ ከቤት የማይወጣ መስሎኝ ሦስት ቀን ደበቅሁት። በአራተኛው ራሱ ሰምቶ መጣ። ከረቫቱን አስተካከለ። ዕድሜ ልኩን የሌላ ሰው ስም የወጣላቸውን ሐይቆችና ተራሮች ሲያስተምር ኖሮ፣ በመጨረሻ ካርታ ያልተሣለላት አገር በስሙ ተጠራችለት።

ቤተ ክርስቲያን አሁንም በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ጨረሩ ያንን ሙሉ በሙሉ አላስተወውም። ግን ብቻውን አይደለም። መጀመሪያ አንድ ጡረተኛ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ የጠርናፊያችን ባል። ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች ከነክብራቸው ከፊት ወንበር ተነሥተው መጡ። ዛሬ አግዳሚው ሞልቶ ሌላ አግዳሚ ተጨምሯል፤ ፊት ያለው ወንበር ባዶ ነው። ሰባኪያችንም በየእሑዱ ወደ በሩ እያየ፣ ትሕትና በዚህ ከተማ ወንዶች ዘንድ እየበዛ ስለመሄዱ እግዚአብሔርን ያመሰግናል።